ኢም፦ ወረርሽኙን በድንበሯ ውስጥ ያስቀረች የደርቢሻየር መንደር

መንገደኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን እንግሊዝ የምንኖር ሰዎች እንግዳ ሲመጣልን ወይ ማንቸስተር ወይ ዮርክ ነው ይዘን የምንሄደው። ኢምን የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ይህን ክር ከፈትኩ።

ኢም ደርቢሻየር ውስጥ፣ ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ አካባቢ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከሸፊልድ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ነዋሪዋ ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል። ቤቶቿ ከግራጫ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የጥንት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የባላባት ቤትና አንድ ሙዚየም አላት። በመኪና እልፍ ቢሉባት ከአካባቢው መንደሮች የምትለይበት ነገር አይታይም። ወርዶ በየቤቱ ደጃፍ የተተከለውን ሰሌዳ ማንበብ የጀመረ ሰው ግን ቶሎ አይወጣም።

የሆነው እንዲህ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1665 ለንደንን ፕላግ (ቸነፈር) የሚባለው ወረርሽኝ እየጨረሳት ነበር። ኢም ከለንደን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አሌክሳንደር ሃድፊልድ የሚባል የመንደሩ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጨርቅ አስመጣ። ጨርቁ ሲደርስ እርጥበት ነክቶት ነበር ይባላል። ጆርጅ ቪካርስ የተባለው ረዳቱ እንዲደርቅለት እሳት ዳር ዘረጋው። በሽታውን የያዘው ቁንጫ የመጣው በዚያ ጨርቅ እንደሆነ ነው የሚነገረው። ቪካርስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ፤ ሴፕቴምበር 7 ቀንም ተቀበረ።

ያ ቤት ዛሬም አለ። ሰው ይኖርበታል። ደጃፉ ላይ ያለው ሰሌዳ የሟቾቹን ስም በተራ ያስነብባል። መጀመሪያ ቪካርስ። ቀጥሎ የቤቱ ልጅ ኤድዋርድ ኩፐር፣ ዕድሜው 4 ዓመት፣ ሴፕቴምበር 22። ከዚያ ወንድሙ ጆናታን ኩፐር፣ 12 ዓመት፣ ኦክቶበር 2። ልብስ ሰፊው ሃድፊልድ ራሱ በተከታዩ ዓመት ኦገስት ላይ ሞተ። የልጆቹ እናት፣ የሃድፊልድ ሚስት ሜሪ ብቻ ተረፈች። 13 ዘመዶቿን ቀብራ ነው የተረፈችው።

ብርዱ ሲገባ ሞቱ ረገብ አለ። በ1666 የጸደይ ወራት ሰው ያለፈለት መስሎት ነበር። ጁን ላይ አገረሸ። ያን ጊዜ ነው መንደሩን የሚመሩት ሁለት ቄሶች ሕዝቡን ሰብስበው ሦስት ነገር ያስወሰኑት። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሟች በራሱ ጓሮና ማሳ ይቅበር፤ ወደ ደብሩ መቃብር መሸከም ይቅር። ሁለተኛ፣ ጸሎት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሜዳ ላይ ይሁን። ሦስተኛ፣ ማንም ከመንደሩ አይውጣ፣ ማንም አይግባ።

ሕዝቡም ተስማማ። የመጨረሻው ሞት የተመዘገበው ኖቬምበር 1 ቀን 1666 ነው። በአሥራ አራት ወራት ውስጥ ወደ 260 ሰው አልቋል። በአካባቢው ያሉት ከተሞችና መንደሮች ግን ከኢም የወጣ በሽታ አልደረሰባቸውም።

እንግሊዝ ቤተ መንግሥትና ካቴድራል ሞልቷታል፣ እኔም አይቻለሁ። እንደ ኢም ልቤን የነካው ግን የለም። እዚህ የታሪኩ ባለቤት ንጉሥ አይደለም። ልብስ ሰፊ ነው፣ የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪ ነው፣ ልጆቿን ያጣች እናት ናት።


የሺ ዘለንደን፦

ወንድሜ፣ አንብቤ ሳበቃ ሰውነቴ ውርር አለ። ለንደን ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ስሟን ሰምቼ አላውቅም።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ ማንም ካልገባና ካልወጣ ምን በልተው ኖሩ? ሁለተኛ፣ ሁለት ቄሶች ያልከው አልገባኝም። ለአንድ ትንሽ መንደር ሁለት?


መንገደኛው፦

እህቴ የሺ፣ ሁለቱም ጥያቄዎችሽ የነገሩ እምብርት ናቸው።

ከምግቡ ልጀምር። የዴቮንሻየር ኧርል የሚባለው ትልቅ ባላባት በቅርብ ርቀት ቻትስዎርዝ በሚባለው ርስቱ ላይ ነበር የሚኖረው። እርሱና የጎረቤት መንደር ሰዎች እህልና መድኃኒት እያመጡ ድንበር ላይ ያስቀምጡላቸው ነበር። የሚያስቀምጡባቸው ቦታዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። አንዱ ከመንደሩ በላይ ያለ ምንጭ ነው፤ በቄሱ ስም የሞምፔሰን ምንጭ ይባላል። ሌላው ወደ ጎረቤት መንደር ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ያለው የድንበር ድንጋይ ነው።

ይህን ድንጋይ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ሜዳ መሀል የተቀመጠ ተራ ቋጥኝ ነው። ጀርባው ላይ ስድስት ክብ ጉድጓዶች ተፈልፍለውበታል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥቂት ሳንቲም ቢይዝ ነው። የኢም ሰዎች ጉድጓዶቹን በኮምጣጤ ይሞሉና የዕቃውን ዋጋ እዚያ ውስጥ ይጥላሉ። ኮምጣጤው በሽታውን ከገንዘቡ ላይ ያጠፋል ብለው ነበር። ከዚያ ይመለሳሉ። ነጋዴው እነሱ ከራቁ በኋላ ይመጣል፣ ገንዘቡን ያነሳል፣ ዕቃውን ትቶ ይሄዳል። ዛሬም ጎብኚዎች ጉድጓዶቹ ውስጥ ሳንቲም ይተዋሉ።

አሁን ወደ ቄሶቹ። ቶማስ ስታንሊ የቀድሞው ቄስ ነበር። ወገኑ ፒዩሪታን ከሚባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ አልፎ ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሲመለስ፣ አዲሱን የጸሎት መጽሐፍ ተቀበሉ ተብሎ በ1662 ሕግ ወጣ። ስታንሊ አልቀበልም አለ። ሥራውን አጣ፤ ከአካባቢው ግን አልራቀም። በ1664 ዊሊያም ሞምፔሰን የሚባል ወጣት ቄስ ከሚስቱ ከካትሪንና ከሁለት ትንንሽ ልጆቹ ጋር ተሹሞ መጣ። ወረርሽኙ ሲገባ ዕድሜው ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ነበር። ሕዝቡ የሚወደው አሮጌውን ቄስ ነው፤ አዲሱን ገና አላመነውም። ሁለቱ በሃይማኖት ጉዳይ በሁለት ጎራ የቆሙ ሰዎች ናቸው። ደም ያፋሰሰ ጠብ ነው በመካከላቸው ያለው።

ሞምፔሰን ብቻውን ሕዝቡን ማሳመን እንደማይችል ገባው። ስታንሊን ለመነው። ስታንሊም እሺ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ቆመው ነው ሕዝቡን ያነጋገሩት። እኔ ከጠቅላላው ታሪክ ይህን ነው የማስበልጠው። ስታንሊ ‹‹ከሥራዬ ያባረራችሁኝ እናንተ፣ አሁን ራሳችሁ ተወጡት›› ማለት ይችል ነበር።


የታሪክ ተማሪ፦

መንገደኛው፣ በደንብ ጽፈኸዋል። እኔ ግን ትንሽ ውኃ ልጨምርበት፤ ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ አንድ ወገኑ ብቻ ነው የሚነገረው።

የሸሹ አሉ። ከሀብታሞቹ መካከል ገና ከጅምሩ ዕቃቸውን ጠቅልለው የወጡ ነበሩ። ሞምፔሰን ራሱ ሁለቱን ልጆቹን ወደ ዮርክሻየር ልኳቸዋል፣ ያውም ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት። ሚስቱንም ሂጂ ብሏት ነበር፤ እንቢ ያለችው እሷ ናት። ቀርተው የሞቱት አብዛኞቹ መሄጃ የሌላቸው ናቸው። እርሻውን ትቶ፣ የእርሳስ ጉድጓዱን ትቶ ወዴት ይሄዳል? ከወረርሽኝ መንደር የመጣ ሰው የትም ቢሄድ ቤት የሚከፍትለት የለም። ሕጉም አለ። በ1604 የወጣው የወረርሽኝ ሕግ፣ ቤት እንዲዘጋበት ታዝዞ ቁስሉ እየታየበት አደባባይ የወጣን ሰው እስከ ሞት ይቀጣ ነበር።

ሌላው፣ ዛሬ የምንሰማው የጀግንነት ታሪክ መልክ የያዘው በአብዛኛው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ጸሐፊዎች ሞምፔሰንን ከፍ አድርገው ሣሉት። ስታንሊ ጥላ ሥር ቀረ። በራሱ ዘመን የተጻፈው ማስረጃ ትንሽ ነው፤ የደብሩ መዝገብና የሞምፔሰን ጥቂት ደብዳቤዎች ናቸው ዋናዎቹ።

ቁጥሩንም በጥንቃቄ እንያዝ። ድሮ የሚባለው ‹‹ከ350 ሰው 260 ሞተ›› ነው። የኋላ ጥናቶች የሕዝቡን ቁጥር ወደ 700 ያደርሱታል። እንግዲህ ከአራት ሦስት ሳይሆን ከሦስት አንድ ሰው ገደማ ነው የሞተው ማለት ነው። ይህም ቢሆን አሰቃቂ ነው፤ ግን ሌላ ታሪክ ነው።


መንገደኛው፦

የታሪክ ተማሪ፣ በቁጥሩም በሀብታሞቹም እንስማማለን። ሞምፔሰን ራሱ በኖቬምበር 1666 በጻፈው ደብዳቤ 76 ቤተሰብ ተመትቶ 259 ሰው እንደሞተ ነው የሚናገረው። ከመዝገቡ ቁጥር ጋር ይቀራረባል።

የማልስማማው ‹‹መሄጃ ስላልነበራቸው ነው የቀሩት›› በሚለው ላይ ነው። መሄጃ የሌለው ሰውም ሌሊት ተነስቶ ተራራ ለተራራ መጥፋት ይችላል። ያ አካባቢ ዋሻና ጫካ ሞልቶበታል። መንደሩን ከዳር እስከ ዳር የሚጠብቅ ወታደር አልነበረም። ኦገስት ላይ በአንድ ወር ብቻ ከ70 ሰው በላይ ሲሞት፣ በየቀኑ ጎረቤት ሲቀበር፣ ያ ድንበር አልፈረሰም። ሕግና ድህነት ብቻውን ይህን አያደርግም። ሰዎቹ የገቡትን ቃል ጠብቀዋል፤ ለእኔ ይህ ግልጽ ነው።

ልጆቹን መላኩን በተመለከተ፣ አባት ነው፤ ልፈርድበት አልችልም። ራሱ ግን ቀርቷል። ሚስቱም ከጎኑ ቀርታ ኦገስት 25 ቀን ሞታለች።


ነርስ ሰላም፦

ሰላም። እዚሁ እንግሊዝ በነርስነት ነው የምሠራው፤ በሕክምናው በኩል ጥቂት ልበል።

በሽታው ዬርሲኒያ ፔስቲስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ባክቴሪያው የታወቀው በ1894 ነው፤ አሌክሳንደር ዬርሲን ሆንግ ኮንግ ላይ አገኘው። የኢም ሰዎች ከዚያ በፊት ከ200 ዓመት በላይ ነው የኖሩት። ስለ ቁንጫ የሚያውቁት ነገር የለም። እንዲያም ሆኖ ካደረጓቸው ነገሮች ውስጥ ዛሬም የምናደርጋቸው አሉ። ጸሎቱን ወደ ሜዳ ማውጣት፣ በቤተሰብ በቤተሰብ ተለያይቶ መቆም፣ ሬሳ በመንደር ውስጥ አለማዘዋወር፣ ገንዘብ በኮምጣጤ መንከር። በኮቪድ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ስንሠራ ከነበረው ብዙም አይርቅም።

በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የደብሩን መዝገብ ወስደው ማን መቼ እንደሞተ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር በሒሳብ አሰሉት። ከአይጥ ቁንጫ የተያዘው ሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ሦስት አራተኛው ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ነው፤ ወይ በትንፋሽ ወይ በሰው ላይ በሚኖሩ ቁንጫና ቅማል። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩት ደግሞ ይበልጥ ተጠቅተዋል። የኩፐር ቤት፣ የሃንኮክ ቤት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሆነው።

ስለዚህ ድንበር መዝጋቱ ሁለት ፊት አለው። የውጭውን ሰው አድኗል። ውስጥ ያለውን ጤነኛ ግን ከታመመው ጋር አንድ ላይ አስቀርቶታል። ጤነኞቹ ቀደም ብለው በየሜዳው ተበትነው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጥቂት ሰው ይተርፍ ነበር። እነሱ ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

አንድ ሌላ ነገር ላክል፣ ብዙ ጊዜ ስለሚወራ። የተረፉት ሰዎች ዘሮች ልዩ የዘር ምልክት አላቸው፣ ከወረርሽኙ ያዳናቸውም እሱ ነው የሚባል ነገር አለ። ያ መላምት ነበር። በኋላ በአይጦች ላይ የተሠራ ሙከራ አልደገፈውም። ስለዚህ እንደ እውነት ባናሰራጨው ይሻላል።


የሦስት ልጆች እናት፦

እኔና ባለቤቴ ልጆቹን ይዘን ሄደን ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ቄሶቹ ያወራል፤ እኔ ግን ስለ ኤሊዛቤት ሃንኮክ ልጻፍ።

ከመንደሩ ወጣ ብሎ በምሥራቅ በኩል ሽቅብ የሚወስድ መንገድ አለ። ላዩ ላይ ስትደርሱ ሜዳ መሀል ክብ የድንጋይ አጥር ታገኛላችሁ። ራይሊ መቃብር ይባላል። ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው የሚጠብቀው። አጥሩ ውስጥ ጥቂት አጫጭር የመቃብር ድንጋዮች አሉ። የሃንኮክ ቤተሰብ ናቸው።

በኦገስት 1666 ኤሊዛቤት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ቀበረች። ብቻዋን ነው የቀበረቻቸው። ደንቡ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ይቅበር ስለሚል የሚረዳት ሰው አልነበረም። እንደሚነገረው አፍንጫዋን በጨርቅ አስራ፣ ሬሳውን በእግሩ በኩል በፎጣ ጠፍራ፣ እየጎተተች ወደ ማሳው ትወስደው ነበር። የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ከማዶ ኮረብታ ሆነው ያዩዋት ነበር ይባላል። ማንም ሊጠጋት አልቻለም። እሷ ራሷ አልታመመችም። በኋላ ሸፊልድ ሙያ ሲማር ወደነበረው የቀረ ልጇ ሄደች።

እኛ አገር ለቅሶ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድንኳኑ፣ ዕድሩ፣ ሰውን ብቻውን አለመተው። እዚያ አጥር ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው። ይህች ሴት ‹‹አይዞሽ›› ብሎ ትከሻዋን የሚነካት እንኳ አላገኘችም። ስድስት ልጅ! ድንጋዮቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለልጆቼ ላነብላቸው ጀምሬ ልጨርስ አልቻልኩም። ባለቤቴ ነው የጨረሰላቸው።

ልጅ ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ አትፍሩ። የእኔ ትልቋ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቁንጫና ስለ አይጥ ስትጠይቅ ከረመች። ሙዚየሙም ለልጆች በሚገባ መንገድ ነው የተሰናዳው።


ጋሽ ደጉ፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ከወረርሽኙ ውጭ ያለውን ልጨምር። ሰው ስለ ወረርሽኙ ብቻ እየሰማ ሄዶ ሌላውን ሳያይ ይመለሳል።

የቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። የ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከወረርሽኙ በፊት ዘጠኝ መቶ ዓመት ማለት ነው! ከምሰሶው የተወሰነ ክፍል ጎድሏል፤ አናቱ ላይ ያለው የመስቀሉ ክንፍ ግን አለ። እንዲህ ያለ መስቀል አናቱ ሳይጠፋ የተገኘው ጥቂት ነው። የተቀረጸውን ሐረግና የመላእክቱን ምስል ቀረብ ብላችሁ እዩት። የሞምፔሰን ሚስት የካትሪን መቃብር እዚያው አጠገቡ ነው። ሌሎቹ በየማሳው ሲቀበሩ እሷ ደብሩ ግቢ ውስጥ ነው ያረፈችው።

የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በ1775 የተሠራ የፀሐይ ሰዓት አለ። ትልቅ ነው፣ ቁጥሩና መስመሩ ብዙ ነው። የመንደሩን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የሩቅ አገር ከተሞችንም ሰዓት ያመለክታል። ፀሐይ ካለ ደጅ ቆማችሁ ከስልካችሁ ሰዓት ጋር አስተያዩት። ውስጥ ስትገቡ ደግሞ በ1985 የገባ ባለ ቀለም መስኮት አለ፤ የወረርሽኙን ታሪክ በሥዕል ይተርካል።

ግቢው ውስጥ ሃሪ ባግሾው የሚባል የክሪኬት ተጫዋችና ዳኛ መቃብርም አለ። ድንጋዩ ላይ የክሪኬቱ እንጨቶች ተቀርጸዋል፤ ከላይ የዳኛ እጅ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሯል። በክሪኬት ያ ምልክት ተጫዋቹ ወጥቷል ማለት ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታችሁ ዋናውን መንገድ ስትይዙ ኢም ሆል የሚባለውን የባላባት ቤት ታገኛላችሁ። ወረርሽኙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በ1670ዎቹ መጀመሪያ ራይት የሚባል ቤተሰብ ያሠራው ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ሣር ላይ ድሮ ጥፋተኛ እግሩ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ግንድ ይታያል። ደግሞ በየመንገዱ ዳር ያሉትን የድንጋይ ገንዳዎች እንዳታልፏቸው። በ1588 ከምንጭ በቦይ ውኃ ተስቦ ለሕዝቡ የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ የጋራ ውኃ የነበራቸው መንደሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሙዚየሙ በ1994 ነው የተከፈተው። ድሮ የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ነበር። የስብስቡ መነሻ ክላረንስ ዳንኤል የሚባል የመንደሩ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው ነው። አንድ ሰው የመንደሩን ታሪክ እንዲህ ጠብቆ ለትውልድ ሲያስተላልፍ ማየት ደስ ይላል።


የሺ ዘለንደን፦

ጋሽ ደጉ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

የሦስት ልጆች እናት፣ እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። በኢንተርኔት ሳይ የሁለት ፍቅረኞች ታሪክ አገኘሁ፤ ኤሞትና ሮላንድ የሚባሉ። እውነት ነው? ደግሞ ሞምፔሰን በኋላ ምን ሆነ?


መንገደኛው፦

የሺ፣ ኤሞት ሲዳል የኢም ልጅ ናት። ቤቷ ከኩፐር ቤት ፊት ለፊት ነው። ሮላንድ ቶር ደግሞ የስቶኒ ሚድልተን ልጅ ነው። እንደ መንደሩ ትውፊት ሊጋቡ ተጫጭተው ነበር። በሽታው ሲገባ ቤተሰቧ ተመታ፤ አባቷና እህት ወንድሞቿ ሞቱ። ሁለቱ ገደል ለገደል ከሩቅ እየተያዩ፣ ሳይጠጉ፣ ይገናኙ ነበር። ኤፕሪል 1666 ላይ እሷ መምጣት አቆመች። እሱ ግን ሳያቋርጥ ይመላለስ ነበር። መንደሩ ሲከፈት መጀመሪያ ከገቡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ያን ጊዜ ነው መሞቷን የሰማው። የኤሞት ሞት መዝገብ ላይ አለ፤ የፍቅራቸው ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። እንደዚያ ያዢው።

ከአፍ ወደ አፍ ከመጡት ውስጥ የማርሻል ሃውም ታሪክ አለ። መጀመሪያ ላይ ታሞ የዳነ ሰው ነው። ድጋሚ አይዘኝም ብሎ አመነ። ቀባሪ ለሌላቸው ጉድጓድ እየቆፈረ ይቀብር ነበር፣ ለዋጋውም የሟቹን ዕቃ ይወስድ ነበር ይባላል። አንድ ቀን አንዱን ሞቷል ብሎ ተሸክሞ ሲሄድ ሰውየው ነቅቶ የሚጠጣ ስጡኝ አለ፤ ከበሽታውም ተርፎ ብዙ ዘመን ኖረ ይላሉ። ሃው ግን ሚስቱንና ልጁን በበሽታው አጣ። ሰዉ ወደ ቤቱ ይዞት የገባው እሱ ነው ይል ነበር።

ሞምፔሰን ተረፈ። በ1669 ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ኢክሪንግ ወደምትባል መንደር ተዛወረ። የዚያ ሰዎች ከኢም መምጣቱን ሰምተው ፈሩት፤ መጀመሪያ ላይ ወደ መንደሩ ሳይገባ ዛፍ ሥር ሜዳ ላይ ነበር የሚሰብክላቸው። ሦስት ዓመት አልፎም ፍርሃቱ አልለቀቀም ነበር። እዚያው ኖሮ በ1709 አረፈ። ስታንሊ በ1670 ኢም ውስጥ ሞተ። ለረጅም ዘመን ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነበር፤ ዛሬ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የመታሰቢያ ድንጋይ አለው።


የታሪክ ተማሪ፦

ስታንሊ የሚገባውን እያገኘ መምጣቱ ደስ ይላል። መንገደኛው፣ ቅድም ስለ ቃል መጠበቅ ያልከውን እያሰብኩበት ነው። መዝገቡን በዚያ ዓይን እንደገና ማየት አለብኝ። ግን የሀብታሞቹ መሸሽ ሙዚየሙ ውስጥ ጎላ ብሎ ቢጻፍ አሁንም ደስ ይለኛል።

መቼ ብንሄድ ነው የሚሻለው?


መንገደኛው፦

ኦገስት መጨረሻ። በየዓመቱ የኦገስት የመጨረሻው እሑድ የወረርሽኝ እሑድ ይባላል። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ካክሌት ደልፍ ወደሚባለው ሸለቆ በእግሩ ይወርዳል። ሞምፔሰን በዚያ ክፉ ጊዜ ሜዳ ላይ የሰበከበት ቦታ ነው፤ ቅስት የመሰለ የኖራ ድንጋይ ቋጥኝ አለው። የመታሰቢያው ጸሎት ዛሬም እዚያው ነው የሚደረገው። በዚያው ሰሞን የመንደሩ ሰዎች ምንጮቻቸውን በአበባ ቅጠል በተሠራ ሥዕል ያስጌጣሉ። እርጥብ ሸክላ ላይ አበባውን አንድ በአንድ እየተከሉ ነው የሚሠሩት፤ ይህ የደርቢሻየር የቆየ ልማድ ነው።

በባቡር የምትመጡ ግሪንድልፎርድ ላይ ወርዳችሁ በእግር መሄድ ትችላላችሁ፤ አቀበት አለው። መኪና ያለው ሰው ሙዚየሙ ፊት ለፊት ማቆሚያ ያገኛል፣ ግን በዚያ እሑድ ቶሎ ይሞላል። የሙዚየሙን የመክፈቻ ቀን አስቀድማችሁ እዩ፤ በብርድ ወራት ይዘጋል። ጫማችሁ ጭቃ የሚችል ይሁን፤ ወደ ድንበር ድንጋዩና ወደ ራይሊ የሚወስደው የእግር መንገድ ነው። የኩፐር ቤትና አጠገቡ ያሉት ሰው የሚኖርባቸው ስለሆኑ ከደጅ ሆናችሁ አንብቡ እንጂ በመስኮት አታዩ።

እኔ ዘንድሮ ለወረርሽኝ እሑድ ከሸፊልድ እነሳለሁ። መኪናዬ ላይ ሁለት ሰው የሚይዝ ቦታ አለ። የምትፈልጉ በግል መልእክት ጻፉልኝ።


ጋሽ ደጉ፦

አንዱን ቦታ ለእኔ ያዝልኝ። ምሳ እኔ ይዤ እመጣለሁ።